የጃቫ ጩቤ ለትምህርት ቤት መድረክ፦ አምሳያው ለየትኛው ክሪስ ይታመን?

አንጎለላ (ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን አማርኛ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ሰዓት ውጭም የትምህርት ቤታችንን የቲያትር ክበብ አስተባብራለሁ። ተማሪዎቼ ዘንድሮ ለመድረክ የመረጡት ታሪክ ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ግድም ጃቫ በተባለችው የኢንዶኔዥያ ደሴት ምሥራቅ ስለተነሣው ስለ ኬን አሮክና «ክሪስ» የተባለውን ጩቤ ስለሠራለት ስለ እምፑ ጋንድሪንግ የሚተረከው ነው። ለማያውቁት በአጭሩ ላስታውሰው። ኬን አሮክ ቱማፔል የተባለውን አገር ገዥ ገድሎ ባለቤቱን ኬን ዴዴስን የማግባት ሐሳብ ስላደረበት ጋንድሪንግ ዘንድ ሄዶ ጩቤ ያዝዛል። ብረት ሠሪው ሥራው እንዲያምር አንድ ዓመት ቢጠይቅም የተሰጠው አምስት ወር ብቻ ነበር። ቀጠሮው ደርሶ ኬን አሮክ ሲመጣ ጩቤው ገና በመሞረድ ላይ ነበር፤ በዚህ ተቆጥቶ ከእጁ ነጥቆ በዚያው ባላለቀ ጩቤ ሠሪውን ወጋው። ሟቹም ነፍሱ ሳትወጣ ይህ ብረት ሰባት ነገሥታትን እንደሚበላ ተናግሮ ረገመ። ኬን አሮክ ገዥውን ገደለ፤ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1222 የሲንጋሳሪን መንግሥት መሠረተ፤ በመጨረሻም እርሱ ራሱ በዚያው ጩቤ ሞተ።

ችግሬ ጩቤው ላይ ነው። ባለፈው ጥር አንድ በስልክ የሚሸጥ ነጋዴ «ከልብ ወለድ ዓለም የመጣ የጃቫ ጩቤ» ብሎ ያስተዋወቀውን አምሳያ ገዛሁ። ሲደርሰኝ በቅርጽ ውስጥ ከፈሰሰ ርካሽ ቅይጥ የተሠራ ከባድ ዕቃ ሆኖ አገኘሁት። ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል ነው፤ ከእጀታው በታች እንደ መስቀል የተጋደመ የእጅ መከለያ አለው፤ የእጀታው ጫፍ ላይ ቀይ መስታወት ተለጥፎበታል፤ በስለቱ ላይ ደግሞ የዘንዶ ሥዕል በጥቁር ቀለም ታትሟል። ልጆቹ ሲያዩት በደስታ ጮኹ። በማግስቱ ግን አንዲት የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማ ሞገዶቹን ከእጀታው ጀምራ በጣቷ እየነካች ቆጠረችና ስምንት መሆናቸውን ነገረችኝ። «የክሪስ ሞገድ ምንጊዜም ጎዶሎ ቁጥር ነው የሚል አንብቤአለሁ፤ ታዲያ ይህ ምንድን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ዕቃውን ለመድረክ ላለማውጣትና ራሳችን ለመሥራት ወስነናል። የክሪስ ቅርጽ ምን ትርጉም እንደሚሸከም፣ ከቅርጹ ውስጥ የትኛው ቢቀር አምሳያው ክሪስ መሆኑን እንደሚያጣ፣ የትኛውስ እንደ እኛ ባለ አነስተኛ ዐቅም ሊሠራ እንደሚችል የምታውቁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ተረት ስለሆነ እንደ ፈለግን ብናደርገው ምን አለበት የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን የሰው አገር ቅርስ ይዘን ወደ መድረክ ስንወጣ ባለቤቶቹ ቢያዩን የማናፍርበት እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ጣርማ በር (ከደብረ ሲና)

መምህር፣ ተማሪዎ ትክክል ናት። ለትምህርት በጃቫዋ ከተማ በዮግያካርታ ሁለት ዓመት ስኖር ቤት ያከራዩኝ አዛውንት ከአባታቸው የወረሱት ክሪስ ነበራቸው፤ ስለ ክሪስ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርሁት ከእርሳቸው ነው። የክሪስ ስለት ወይ ቀጥ ያለ ነው፣ ወይ ሞገድ አለው። ሞገዱ «ሉክ» ይባላል፤ ከእጀታው በኩል ተነሥቶ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ እስከ ጫፉ ሲቆጠር ድምሩ ምንጊዜም ጎዶሎ ነው። ከ3 እስከ 13 ያሉት የተለመዱ ናቸው፤ ከ13 የሚበልጡት ጥቂት ስለሆኑ ለብቻቸው የሚጠሩበት ስም አላቸው። ቀጥ ያለው ስለት እንደ ተኛ ወይም በተመስጦ እንዳለ እባብ፣ ሞገድ ያለው ደግሞ እንደሚሄድ እባብ ይታያል። እባቡም «ናጋ» የሚሉት፣ ከውኃና ከምድር በታች ካለ ኃይል ጋር የሚያያዝ ፍጥረት ነው እንጂ በእኛ ዘንድ እንዳለው የጥፋት ምልክት አይደለም። ይህን ለተማሪዎችዎ ቢያስረዱ መልካም ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ የሚወጋውን ዘንዶ በየቤተ ክርስቲያኑ እያየ ያደገ ልጅ የናጋን ትርጉም በቀላሉ ይገለብጠዋልና።

ከሞገዱም ይልቅ የገዙትን ዕቃ የሚያጋልጠው የግራና ቀኙ እኩልነት ነው። ክሪስ ከሥሩ በአንድ ወገን አጠር ብሎ ይደነድናል፤ በሌላው ወገን ረዘም ብሎ ይሾላል። በደንዳናው ወገን ብዙ ጊዜ የዝሆን ኩምቢ የምትመስል ትንሽ ጥምዝ ትወጣለች፤ በሾለው ወገን ደግሞ በሞረድ የተፈለፈሉ ጥቃቅን ጥርሶች ይኖራሉ። ስለቱ የሚቀመጥበት «ጎንጆ» የሚባል ቁራጭ ብረት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ይሠራና መሐሉ ተበስቶ ወደ እጀታው የሚገባው የስለቱ ጅራት በቀዳዳው ያልፋል። አንዱ ጫፉ የእንሽላሊት ራስ፣ ሌላው ጅራቷ ይባላል። ስለቱ ወንድ፣ ጎንጆው ሴት ሆነው ይታሰባሉ፤ ስለዚህ ክሪስ ሁለት የነበሩ አንድ የሆኑበት ነገር ነው። በመስቀለኛ መከለያ የተተካ ዕለት ይህ ሁሉ ይጠፋል። የአያያዙ ነገርም አለ። ክሪስ በዋናነት የሚወጋ መሣሪያ ስለሆነ እጀታው ቀና ብሎ አይቆምም፤ ወደ አንድ ወገን ያጎነብሳል፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የስለቱን ሥር ቆንጥጠው ይይዛሉ እንጂ እንደ ቢላዋ በሙሉ መዳፍ አይጨበጥም።

አፎቱን ቸል እንዳይሉት እለምንዎታለሁ። በጃቫ ሰው ክሪሱን በወገቡ ታጥቆ ሲታይ በአብዛኛው የሚታየው አፎቱና እጀታው ነው። የአፎቱ ራስ ሰፊ እንጨት ነው፤ ለክብር ቀን የሚታጠቁት ጀልባ የመሰለና ጫፉ እንደ ቅጠል የተጠማዘዘ ሲሆን በሱራካርታ ከተማ «ላድራንግ» ይሉታል፤ ለዘወትር የሚሆነው «ጋያማን» ደግሞ ክብ ያለ፣ ጥምዝ የሌለው ነው። ክሪሱ የሚሻጠው ከፊት ሳይሆን ከጀርባ፣ በመቀነቱ ውስጥ ነው፤ በጌታ ፊት የሰላም ምልክት እንዲሆን ነው ይላሉ። ጃቫውያን «ክሪሱ ወደ አፎቱ ገባ፣ አፎቱም ወደ ክሪሱ ገባ» የሚል አባባል አላቸው፤ የሰውን ከፈጣሪው ጋር መዋሐድ የሚያመለክቱበት ነው። የኛ ሊቃውንት ቢሰሙት ወርቁን ፍለጋ ሌሊቱን በሙሉ በተቀመጡ ነበር። ሙሽራው በሠርጉ ቀን መገኘት ካልቻለ ክሪሱ በእርሱ ቦታ እንዲቆም የተደረገበት ጊዜም ነበር። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ልጅ ድንቅ ቅርስ ብሎ ያወጀውና በ2008 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ያሰፈረው ብረቱን ለብቻው ሳይሆን ይህን ሁሉ አብሮ ነው።

ያከራዩኝ አዛውንት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሱሮ በሚሉት ወር፣ ክሪሳቸውን ያጥቡ ነበር። ሱሮ የጃቫ ዘመን መለወጫ ወር ነው፤ ሱልጣን አጉንግ እ.ኤ.አ. በ1633 የጃቫን አቆጣጠር ከእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር ጋር ስላስማማው ከሙሐረም ጋር ይገጥማል። ከነልባሱ አንሥተው ወደ ግንባራቸው ያስጠጉትና አፎቱን ከስለቱ ላይ ቀስ አድርገው ይስቡታል፤ ስለቱን ከአፎቱ መዘዝ አያደርጉትም። የሎሚው ሽታ ግቢውን ሲሞላው አሁንም ትዝ ይለኛል። በሎሚ ጭማቂ ታጥቦ አሮጌው ቅባት የለቀቀለት ብረት እንደ ብር ነጥቶ ይወጣና፣ ከዚያ በሎሚና በአርሴኒክ ውሕድ ሲታሽ ብረቱ ይጠቁራል፤ በውስጡ ያለው ኒኬል ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። የእርሳቸው ክሪስ ነጠብጣብ ጥለት «ዎስ ዉታህ»፣ ማለትም «የፈሰሰ ሩዝ» ይባል ነበር፤ የሲሳይ ምልክት ነው። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር በጥቁር ጨርቅ ላይ የተበተነ ነጭ ጤፍ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ተውኔትዎ ልመለስ። እስካሁን የጻፍሁት ሁሉ የቤተ መንግሥቱን፣ ያለቀለትንና የተጌጠውን ክሪስ ይመለከታል። የጋንድሪንግ ጩቤ ግን አላለቀም። የሲንጋሳሪ ዘመን ክሪሶች ተብለው የሚጠሩት ጥንታውያኑ አጠር፣ ሰፋ ያሉና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የዛሬው ቀጠን ያለ ቅርጽ የጎለበተው ከዚያ በኋላ በመጣው በማጃፓሂት መንግሥት ዘመን ነው። የጃቫ ዜና መዋዕል ደግሞ ስለዚያ ጩቤ አንድ የማይረሳ ነገር ይናገራል፦ እጀታው «ቻንግክሪንግ» ከሚባል ዛፍ እንጨት ነበር፤ እሾኹም ገና አልተላገም ነበር።

ወናፍ (ከአንኮበር አካባቢ)

አባቴ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ እኔም እስከ ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ወናፍ እየነፋሁለት አድጌአለሁ። ስለ ብረቱ ከመጻፌ በፊት «እምፑ» ስለሚለው መጠሪያ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ፤ ቲያትሩን የምትሠሩት ልጆች እንዲያውቁት ስለምሻ ነው። እምፑ የስም ክፍል አይደለም፤ ማዕረግ ነው። በጥንቱ ጃቫ ክሪስ የሚሠራው ሰውም፣ ቅኔ የሚደርሰው ታላቅ ባለቅኔም በዚሁ አንድ ማዕረግ ይጠሩ ነበር። በላዉ ተራራ ጥግ ላይ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ ሱኩህ የሚባል መቅደስ አለ፤ በዚያ ድንጋይ ላይ የብረት ሥራ ቤት ተቀርጿል። ብረቱን የሚሠራው በማሃባራታ የሚተረክለት ጀግናው ቢማ ነው፤ ወናፉን የሚነፋው ወንድሙ አርጁና ነው፤ በመካከላቸው የዝሆን ራስ ያለው አምላክ ጋኔሻ ይጨፍራል። ወናፋቸው እንደ እኛ የፍየል ቆዳ አይደለም፤ ሁለት የቆሙ ቱቦዎች ናቸው፤ በየቱቦው ውስጥ ዘንግ እየወጣና እየገባ አየሩን ይገፋል። ምስሉን በስልኬ ሳየው ረጅም ሰዓት አፍጥጬ ቀረሁ፤ አምላክ በብረት ሥራ ቤት ሲጨፍር፣ ጀግና ወናፍ ሲነፋ አይቼ አላውቅም ነበርና።

አባቴን በገበያ ቀን ማረሻውን እየገዙ ከጀርባው «ቡዳ» ይሉት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከከለከሉ በኋላ ስንት ዘመን አልፎ ማለት ነው። ስለዚህ መምህር፣ ጋንድሪንግን የሚጫወተው ልጅ ያጎነበሰ፣ የተቆራመደ፣ ጥቀርሻ የተቀባ ሽማግሌ ሆኖ እንዳይቀርብ አደራ እላለሁ። ቀጥቃጭ መስፉ ፊት ሲቀመጥ ጀርባው ቀጥ ይላል። ጉጠቱን በግራው ይይዛል፤ መዶሻውን በክንዱ ሳይሆን በትከሻው ነው የሚያወርደው። አንድ ዓመት ይሰጠኝ ሲል የሚለምን ሰው አይደለም፤ ሥራው የሚጠይቀውን የሚናገር ነው።

ወደ ሥራው እንለፍ። በስለቱ ላይ የሚታየው ጥለት «ፓሞር» ይባላል፤ ሥዕል አይደለም፣ አልታተመም፣ አልተቀባም። ብረትና ኒኬል ያለበት ማዕድን ተደራርበው በእሳት ይጣበቃሉ፤ ይታጠፋሉ፤ እንደ ገና ይቀጠቀጣሉ። በሁለት ንጣፍ የተጀመረ ብረት ስድስት ጊዜ ቢታጠፍ 128 ንጣፍ ይሆናል። በመጨረሻም ስለት የሚወጣው ጠንካራ ብረት በመካከሉ ይገባል። በማዕከላዊ ጃቫ ፕራምባናን አጠገብ ከሰማይ የወደቀ የብረት ድንጋይ በሱራካርታ ቤተ መንግሥት ይጠበቅ ነበር፤ የቤተ መንግሥቱ እምፑዎች ለፓሞር ከእርሱ ይወስዱ ነበር። ዛሬ በአብዛኛው ከፋብሪካ የወጣ ኒኬል ይበቃቸዋል። ሞገዱም ከሰፊ ብረት ላይ ተቆርጦ አይወጣም፤ ቀጥ ያለው ስለት ይግላል፤ በመዶሻ አንድ በአንድ ይታጠፋል፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ሞገዱ ይጠባል። ስምንት ሞገድ ያለው የገዙት ዕቃ ሞገዱ ሁሉ እኩል እንደሚሆን ሳላየው እገምታለሁ።

እኔ ራሴ ይህን ሞክሬው ተሳስቻለሁ። አንድ ክረምት ከአሮጌ መኪና የወጣ ባሌስትራና ቁራጭ ፌሮ ደራርቤ ለማጣበቅ ተነሣሁ። ከሰሉ መልካም ነበር፤ ብረቱም ነጭ ወደሚሆንበት ሙቀት ደረሰ። ነገር ግን ንጣፎቹን ከመደራረቤ በፊት ዝገታቸውንና ቅርፊታቸውን በደንብ አልሞረድሁም ነበር፤ ብረት እንዲጣበቅ የሚረዳውን ቦራክስም የነሰነስሁት በላይ በላዩ ብቻ ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስመታው የተጣበቀ መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ውኃ ውስጥ ስነክረው ግን እንደ ደረቀ ሽንኩርት ልጣጭ ተለያየ። ንጣፍ ላይ ንጣፍ ሲጣበቅ የመዶሻው ድምፅ ይለወጣል፤ ከባዶ ቆርቆሮ ድምፅ ወደ ድንጋይ ድምፅ ይሄዳል። ያን ጊዜ ድምፁን አልሰማሁትም፤ ቸኩዬ ነበርና።

ለትምህርት ቤት ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ልጆችን እሳት አጠገብ ማድረግም አልመክርም። አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ይውሰዱ። ቅርጹን በካርቶን ቆርጠው ካጸደቁት በኋላ ለብየዳ ቤት ያስቆርጡ፤ ዳርቻው ስለት እንዳያወጣ፣ ጫፉም ክብ እንዲሆን በሞረድ ያደንዝዙት። ጎንጆውን ግን ለብቻው ያሠሩ፤ ቀዳዳውን ጠበብ አድርጎ መብሳትና ጅራቱን በሞረድ እያሳሱ እስኪገጥም መሞከር ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ድካሙ ግን የሚቆጭ አይደለም። ጅራቱን ከእጀታው ጋር አይበይዱት፣ ቡሎንም አያስገቡ። በጃቫ ጅራቱ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥብቀት ብቻ ይያዛል፤ ሲፈለግም ይወጣል። ለማጥቆሩ አርሴኒክ መርዝ ስለሆነ ስሙንም አያንሡ። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድተው፣ በሳሙና ቅባቱን አስለቅቀው፣ ወፍራም ቡና ውስጥ ትንሽ ኮምጣጤ ጨምረው ያሳድሩት፤ ጠዋት ላይ ጥቁር ግራጫ ሆኖ ያገኙታል። ከዚያ አጥበው፣ አድርቀው፣ በቅባት ያሹታል። ቡናውን ማንም እንዳይጠጣው ዕቃውን ለይተው ያስቀምጡ።

የወይራ ፍልጥ (ከሞላሌ፣ መንዝ)

እኔ አናጢ ነኝ፤ ስለ እንጨቱ ብቻ ልናገር። ጣርማ በር የጠቀሱት ቻንግክሪንግ ከእኛ ኮርች ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው። ኮርችን የማያውቅ የደጋ ሰው የለም፤ ግንዱና ቅርንጫፉ እሾኻም፣ አበባው ቀይ፣ ለአጥርና ለጥላ የሚተከለው ነው። እንጨቱ ቀላልና ለስላሳ ስለሆነ አናጢ አይወደውም፤ ለእጀታ አንድ ሰው ቢያመጣልኝ ተው ብዬ እመልሰው ነበር። አሁን ግን ያ ዜና መዋዕል ይህን ዛፍ ለምን እንደ ጠቀሰ የገባኝ ይመስለኛል። ማንም ሰው ለዘለቄታው የሚሆን እጀታ ከኮርች አይሠራም። ብረቱን እየሳለ እስኪጨርስ ድረስ የሚይዝበት ጊዜያዊ እጀታ ነው፤ በሰው እጅ ሊሰጥ ያልታሰበ።

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ኮርች አያጡም። የእጅ አንጓ ያህል የሚወፍር ቅርንጫፍ ቆርጠው ሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ ያድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከጣሉት ይሰነጠቃል። ልጣጩን አይላጡት። በመዳፍ በኩል ያለውን እሾኽ በሞረድ ያደንዝዙ፤ ተመልካች የሚያየውን ወገን እንዳለ ይተዉት። ለጅራቱ የሚሆነውን ቀዳዳ ከእንጨቱ እምብርት ላይ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀስ ብለው ያውጡት፤ እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም።

በአንድ ነገር ግን ከላይ ከጻፉት ወንድሞቼ እለያለሁ። ቀጥ ያለ አጭር ጩቤ ከአዳራሹ ኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው የመንዝ እረኛ ከያዘው ካራ አይለይም። ተመልካቹ የጃቫ ታሪክ እያየ መሆኑን በምን ይወቀው? ስለዚህ ሞገድ ያለውን አንዱን በአፎቱ አድርገው ቢያሠሩ ይሻላል እላለሁ። አፎቱን ከዋንዛ ልሠራልዎ እችላለሁ፤ ዋንዛ ለመቅረጽ ይታዘዛል፤ ቀለሙም ሞቅ ያለ ነው። የታችኛውን ቀጭን ክፍል ለሁለት ሰንጥቄ ውስጡን በመሮ ከፈለፈልሁ በኋላ በኮላ እገጥመዋለሁ፤ ጀልባ መሰሉን ራስ ለብቻው እቀርጸዋለሁ። የታችኛውን ክፍል በቀጭን የነሐስ ላሜራ የሚያለብሱ መሆናቸውን አይቻለሁ፤ ያን ደብረ ብርሃን ያሉ አንጥረኞች ያውቁበታል።

ጣርማ በር

የወይራ ፍልጥ ያነሡት እውነት ነው፤ እኔም አስቤበታለሁ። ነገር ግን ታሪኩ ራሱ መፍትሔ የሚሰጥ ይመስለኛል። ኬን አሮክ ጩቤውን ለወዳጁ ለከቦ ሒጆ ያውሰዋል። ከቦ ሒጆ የራሱ መስሎ እንዲታይ በየመንደሩ ታጥቆት ይንጎራደዳል፤ ሰውም ሁሉ ያውቀዋል። ገዥው በተገደለ ጊዜ ጩቤው በሬሳው ላይ ሲገኝ ወንጀሉ በከቦ ሒጆ ይላከካል። ስለዚህ ጩቤው በመድረኩ ላይ የሚታወቀው በሞገዱ ሳይሆን በእሾኹ ነው። ከቦ ሒጆ ለሰው ሁሉ ሲያሳየው ተመልካቹም ከኋላ ወንበር ሆኖ ያየዋል። የተጌጠው ክሪስ ከነላድራንግ አፎቱ አስፈላጊ ከሆነ በቱማፔል ገዥ ጀርባ ላይ ይዋል፤ እርሱ ባለ ሥልጣን ነውና ያለቀ ክሪስ ይገባዋል። በዘመኑ እንዲህ ያለ አፎት ነበር ብዬ አልከራከርም፤ ለመድረክ ግን ያለቀውና ያላለቀው ጎን ለጎን ቢታዩ ልዩነታቸው ሳይነገር ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። የገዥው ክሪስ ሞገድ ካለው 9 ወይም 11 ይሁን፤ ለልጆቹ ግን ይህ ቁጥር ይህን ማለት ነው፣ ያኛው ያንን ማለት ነው እያሉ በሠንጠረዥ እንዳያስጠኗቸው። ትርጉሙ ከአገር አገር፣ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ የጃቫው የማታራም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1755 በጊያንቲ ስምምነት ለሁለት ከተከፈለ ወዲህ ሱራካርታና ዮግያካርታ የአፎት ቅርጻቸውን እንኳ ለይተዋል። ዮግያካርታዎች ያንኑ ላድራንግ «ብራንጋህ» ይሉታል፤ ጥምዙም ቆጠብ ያለ ነው። ያከራዩኝ አዛውንት ስለ ክሪሳቸው ሞገድ ስጠይቃቸው ስለ አባታቸው ይነግሩኝ ነበር።

አንጎለላ

ለሁላችሁም የከበረ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። የጻፋችሁትን አትሜ ለክበቡ አባላት አንብቤላቸዋለሁ፤ ወናፍ ስለ አባታቸው የጻፉትን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋንድሪንግን የሚጫወተው ልጅ ወዲያው ተነሥቶ ወንበሩን አስተካከለና ጀርባውን ቀና አድርጎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እኔ ምንም ማለት አላስፈለገኝም።

ሥራውን ባለፉት አምስት ሳምንታት ጨርሰናል። የጋንድሪንግን ጩቤ ቀጥ ያለና አጭር አድርገነዋል፤ ከሥሩ ወደ አንድ ወገን ይሾላል፤ ጎንጆውም ለብቻው የተሠራ ነው። ቀዳዳው እንደተባለው ግማሽ ቀን ሳይሆን ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብናል፤ የመጀመሪያውን ጎንጆ አስፍተን ስለበሳነው ጥለነዋል። በቡና ያሳደርነው ብረት በአንድ በኩል በደንብ ጠቁሮ በሌላው በኩል የጣት አሻራ የሚመስል ነጭ ቦታ ቀርቶበት ነበር፤ ሳሙናው ሳይደርስበት የቀረ ቦታ መሆኑን ተረድተን ደገምነው። በስለቱ አንድ ጎን ላይ የሞረዱን ጭረት ሆን ብለን ሳናጠፋው ትተነዋል፤ ሥራው የተቋረጠበት ቦታ በዓይን እንዲታይ ነው። የገዥውን ክሪስ አፎት የወይራ ፍልጥ ከሞላሌ በአውቶቡስ ልከውልናል። ላድራንጉን ከሣጥኑ ስናወጣው ልጆቹ እየተቀባበሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በሁለት እጃቸው ይይዙት ነበር። ከዋጋው ላይ የእጅ ሥራውን ስላልጠየቁን በዚሁ ላመሰግናቸው እወዳለሁ።

የኮርቹን እጀታ የሠራችው ሞገዱን የቆጠረችው ተማሪ ናት። ቅርንጫፉን ከአያቷ አጥር ቆርጣ አመጣች፤ ሁለት ሳምንት በቤተ መጻሕፍታችን መደርደሪያ ሥር አድርቃ፣ በመዳፍ በኩል ያለውን እሾኽ አንድ በአንድ በሞረድ አደነዘዘችው። ባለፈው ሐሙስ በልምምድ ላይ ኬን አሮክን የሚጫወተው ልጅ ጩቤውን ከጋንድሪንግ እጅ ሲነጥቅ በሙሉ መዳፉ ጨበጠው፤ ሳትደነዝዝ የቀረች አንዲት እሾኽ ነበረችና ወጋችው። እጁን አሳየኝ፤ ቁስሉ ቀላል ነው፤ በአልኮል ጠራርገንለታል። እሾኹን ልንሞርደው ስንል ግን ተዉት አለን። በማግስቱ ትዕይንቱን ስንደግመው እጀታውን በመዳፉ አልያዘውም፤ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ከስለቱ ሥር ቆንጥጦ፣ ሌሎቹን ጣቶቹን ከእሾኹ አርቆ ነው ያነሣው።